መሄድን ከመቅረት የሠራ ቃል፦ የእንግሊዝኛው «ሊቭ» ከየት መጣ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ጥቅምት ላይ፣ ብርዱ ጠዋት ጠዋት ጣት በሚያደነዝዝበት ሰሞን፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ «ማይ ፋዘር ሌፍት ሚ ኤ ሃውስ»። «ሌፍት» የ«ሊቭ» ያለፈ ጊዜ ነው። ወደ አማርኛ መልሱልኝ አልኳቸው። ከመንዝ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «አባቴ ቤት ውስጥ ትቶኝ ሄደ» አለ።

አይደለም፣ «አባቴ ቤት አወረሰኝ» ማለት ነው አልኩት። ልጁ ግን አልተዋጠለትም። «ቲቸር፣ ባለፈው ሊቭ ማለት መሄድ ነው ብለውን ነበር። አሁን ደግሞ መስጠት ሆነ?»

እንደ አገባቡ ይለያያል ብዬ አለፍኩት። መልሱ ስሕተት አልነበረም፤ ግን ልጁን አላረካውም፣ እኔንም አላረካኝም። አንድ ቃል እንዴት መሄድም ማውረስም ሊሆን ይችላል? የሄደ ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ያወረሰ ሰው አስቀምጦ ይሄዳል። መልሱ ያለው የቃሉ ታሪክ ውስጥ ነው። አማርኛ ለሚናገር ሰው ደግሞ ታሪኩ እንግዳ አይደለም፤ እኛም በራሳችን ቃላት ያንኑ መንገድ ሄደንበታል።

የዛሬ ሺህ ዓመት ግድም ይነገር በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃሉ «ላቫን» ነበር። ዋና ትርጉሙ ማስቀረት ነው፦ አንድን ነገር ባለበት እንዲቆይ ማድረግ፣ ለሌላ ማስተረፍ፣ ሲሞቱ ለልጅ ማውረስ። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ጀርመንኛ ዛሬም «ብላይበን» የሚል ግስ አለው፤ ትርጉሙ መቅረት፣ መቆየት ነው። የሁለቱም ሥር አንድ ነው። አጥኚዎች ከዚያም ወደ ኋላ ሲሄዱ ሥሩ «መጣበቅ» የሚል ሐሳብ ላይ ያደርሳቸዋል፤ ቅባት ከጣት አልለቅ እንደሚለው ዓይነት መጣበቅ። የተጣበቀ ነገር አይሄድም፤ ይቀራል።

ስለዚህ የልጁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው «ሌፍት» ከቃሉ ትርጉሞች ሁሉ አንጋፋው ነው። አባትየው ቤቱን አስቀረለት። መሄድ የሚለው ትርጉም ነው ኋላ የመጣው።

ከዚሁ ሥር የወጡ ሌሎች ሁለት ቃላት አሉ፤ «ላይፍ» እና «ሊቭ»፣ ማለትም ሕይወትና መኖር። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። መቅረትና መኖር ምን አገናኛቸው? ከዚያ የራሴ ቋንቋ መለሰልኝ። «እንጀራው ተረፈ» ስንል ቀረ ማለታችን ነው። «ልጁ ከአደጋው ተረፈ» ስንል በሕይወት አለ ማለታችን ነው። ያው አንድ ግስ ነው። ሌሎች ሲያልፉ የቀረው ሰው፣ እርሱ ነው የሚኖረው። ነጋዴውም ወጪው ሁሉ ተቀንሶ እጁ ላይ የቀረውን «ትርፍ» ይለዋል። አማርኛና እንግሊዝኛ ዘመድ ቋንቋዎች አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው አልተዋሰም። ሁለት ሕዝብ ለየብቻው ሕይወትን እንደ ቀሪ ነገር አይቶታል።

እዚህ ላይ የኛ ተማሪዎች የሚቸገሩበትን አንድ ነገር ልጥቀስ። በእንግሊዝኛ መሄድ የሚለው «ሊቭ» ድምፁ ረዘም ይላል፤ መኖር የሚለው «ሊቭ» አጭር ነው። አማርኛ አናባቢን በማስረዘምና በማሳጠር ትርጉም አይለይም፤ እኛ የምንለየው ተነባቢን በማጥበቅና በማላላት ነው። «ገና ነው» እና «የገና በዓል» የሚለያዩት «ና» ላልቶ ወይም ጠብቆ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን «ደብረ ብርሃን እኖራለሁ» ሊሉ ፈልገው ድምፁን ሲያስረዝሙት ሌላ ግስ ይሆንባቸዋል። ሁለቱ ቃላት ወንድማማቾች መሆናቸውን ስነግራቸው ልዩነቱን በደንብ ይይዙታል። ለምን እንደሆነ በትክክል አላውቅም፤ ምናልባት ዘመዳሞችን በመልክ መለየት ስለለመድን ይሆናል።

ታዲያ አስቀረ የነበረው ቃል እንዴት ሄደ ሆነ? አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሲጓዝ በዓይነ ኅሊናችሁ እዩት። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈጸማል፤ ቤቱ ይቀራል፣ ሰውየው ይሄዳል። «ቤቱን አስቀረ» ያለ ሰው ስለ ቤቱ ተናገረ፤ ሰሚው ግን ሰውየው መሄዱንም አብሮ ሰማ። ይህ በመቶ ዓመታት ውስጥ ሲደጋገም የንግግሩ ዓይን ከሚቀረው ነገር ተነሥቶ ወደሚሄደው ሰው ዞረ። 13ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ሲጀምር ግድም «ሊቭ» ከአንድ ቦታ ተነሥቶ መሄድ የሚለውን ትርጉም ይዟል። ውሎ አድሮ የሚቀረው ነገር ሳይጠቀስም «ሺ ሌፍት» ብቻ ብሎ «ሄደች» ማለት ተቻለ።

አማርኛ ይህን አላደረገም። «ተወ» የሚለው ግሳችን ከ«ሊቭ» ጋር በብዙ ነገር ይመሳሰላል፤ ብቻውን ግን «ሄደ» ሆኖ አያውቅም። እኛ ሁለቱን ድርጊት በሁለት ግስ ከፍለን እንናገራለን፦ ትቶ ሄደ፣ ጥሎ ወጣ፣ ለቅቆ ወጣ፣ አስቀምጦ ሄደ። የመጀመሪያው ግስ የቀረው ነገር ምን እንደሆነበት ይናገራል፤ ሁለተኛው የሄደውን ሰው ይከተላል። «ጥሏት ሄደ» እና «አስቀምጧት ሄደ» የሚሉት መሀል ያለውን ርቀት አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዱ በደል ነው፣ ሌላው አደራ። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ሌፍት ኸር» ሊል ይችላል። ተርጓሚ «ሊቭ»ን ባገኘ ቁጥር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የቀረው ሰው ወይም ነገር እንዴት እንደቀረ ነው።

ከዚሁ የሚመጣ የሰዋስው ስሕተትም አለ። የኛ ልጆች «ከደብረ ብርሃን ተነሣሁ» ለማለት «ሌፍት ፍሮም ደብረ ብርሃን» ብለው ይጽፋሉ፤ አማርኛው «ከ» ስላለው ነው። በእንግሊዝኛ ግን ከተማዋ እዚያ ላይ የምትቀረው ነገር ናት፤ እንደ ተሳቢ በቀጥታ ትቀመጣለች፦ «ሌፍት ደብረ ብርሃን»። «ደብረ ብርሃንን አስቀረኋት» እንደማለት ነው። መድረሻውን ለመናገር ሲሆን «ፎር» ይገባል፦ «ሌፍት ፎር ደብረ ብርሃን» ካልን ወደ ደብረ ብርሃን ተነሣን ማለት ነው። አንዲት ትንሽ ቃል መንገዱን ትገለብጠዋለች።

ሁለት ተመሳሳይ መስለው የሚያሳስቱ ቃላትን ቶሎ ልለፋቸው። ግራ እጅ የሚለው «ሌፍት» ከዚህ ግስ ጋር ዝምድና የለውም፤ ደካማ ከሚል ጥንታዊ ቃል የመጣ ነው። ቅጠል የሚለው «ሊፍ»ም ሌላ ነው። በተቃራኒው ማንም የማይጠረጥራቸው «ኢለቨን» እና «ትዌልቭ» መቅረትን በሆዳቸው ይዘዋል፤ 11 «ከአሥር በኋላ አንድ ቀሪ»፣ 12 «ሁለት ቀሪ» ማለት ነበሩ።

አሁን ወደ ሌላኛው «ሊቭ» ልምጣ፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ የምናውቀው። «አንዋል ሊቭ»ን በአማርኛ የዓመት ፈቃድ እንለዋለን። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለው፤ የወለደች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ታገኛለች። ብዙ ሰው ይህ «ሊቭ» ከሥራ መሄድ ስለሆነ ያንኑ ግስ ይመስለዋል። አይደለም። ይህ ስም ከሌላ ሥር የወጣ፣ በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሌአፍ» የተባለ ቃል ነው፤ ትርጉሙ በቀጥታ ፈቃድ ነው። ሁለቱ በጊዜ ብዛት መልካቸው ገጠመ እንጂ ዘመድ አይደሉም። የኛ መሥሪያ ቤቶች «ሊቭ»ን «መሄጃ» ወይም «መቅሪያ» ሳይሉ «ፈቃድ» ማለታቸው እንግዲህ ቃሉን ከነሥሩ መያዝ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የ«ሌአፍ» ሥር መውደድ፣ መሻት ነው፤ ፍቅር የሚለው «ለቭ» እና የጀርመኖቹ «ሊበ» ከዚያው ይመጣሉ። የፈቀደልህ ሰው መሄድህን የወደደልህ ሰው ነው። የኛ «ፈቃድ»ስ? በግዕዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ሻ ማለት ነው። በአቡነ ዘበሰማያት «ይኩን ፈቃድከ» ስንል የምንለው «የወደድኸው ይሁን» ነው። እንግሊዝኛውም ግዕዙም ፈቃድን ከመውደድ ነው የወሰዱት።

«ቴክ ሊቭ» የሚለው የስንብት አነጋገር የወጣውም ከዚህ ነው። መጀመሪያ ትርጉሙ ፈቃድ መቀበል ነበር፤ እንግዳ ከጌታው ቤት እንዲሁ ተነሥቶ አይወጣም። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። መንዝ ውስጥ ቤት የገባ እንግዳ ሊነሣ ሲል «እስቲ ልሂድ፣ ፍቀዱልኝ» ይላል። «ምነው? ቡናው ሳይወርድ? ተቀመጥ እንጂ» ይባላል። እንደገና ይቀመጣል። ሁለተኛውን ሲል «መሽቷልና፣ መንገዱም ሩቅ ነው» ይላል፤ አባወራው ቀና ብለው ደጁን አይተው «እንግዲህ እንዳልህ፣ እግዜር ያግባህ» ሲሉት ያኔ ጋቢውን አስተካክሎ ይነሣል። ያ «እንግዲህ እንዳልህ» የሚለው ነው «ሊቭ»።

እስካሁን ያየናቸው የእንግሊዞቹ የቤት ቃላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ የማዕረግ ቃላትም በዚያ በር ገቡ። «ዲፓርት» አንዱ ነው። ግዕዝ አማርኛ ውስጥ ያለውን ቦታ ያህል ፈረንሳይኛና ላቲን እንግሊዝኛ ውስጥ አላቸው፤ «ሞተ» ከማለት «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» ማለት እንደሚከብድ፣ «ሊቭ» ከማለት «ዲፓርት» ማለት ይከብዳል። አውሮፕላን ዲፓርት ያደርጋል፤ ልጅ ከቤት ወደ ሱቅ ሲሄድ ዲፓርት አደረገ አይባልም።

«ዲፓርት» ሥሩ «ፓርት» ነው፤ ክፍል። መጀመሪያ ትርጉሙ መክፈል፣ መለየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1549 የወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ለሙሽሮች የሚያስገባው ቃል «ቲል ዴዝ አስ ዲፓርት» ይል ነበር፤ «ሞት እስኪለየን ድረስ» ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ «ዲፓርት» መሄድ ብቻ እየሆነ መለያየት የሚለውን ሲተው፣ በ1662ቱ እትም «ቲል ዴዝ አስ ዱ ፓርት» ተብሎ ተስተካከለ። የኛ «ለየ» ግን ሁለቱንም እንደያዘ ነው። ግርዱን ከፍሬው ለየ፣ ጥጃውን ከላሟ ለየ፤ ከአገሩ ተለየ፤ ከዚህ ዓለም ተለየ። እንግሊዞችም ሟቹን «ዲፓርትድ» ይሉታል፤ የተለየን ማለት ነው።

«አባንደን» አሳልፎ መስጠት ነው፤ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ ነገርን በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር ማድረግ ከሚል አነጋገር መጣ። «ኩዊት» ደግሞ ጸጥታ ከሚለው «ኳይት» ጋር አንድ ሥር አለው፤ በላቲን ያረፈ፣ የተረጋጋ ማለት ነው። ከዕዳ ወይም ከግዴታ የተላቀቀ ሰው ያርፋል፤ ከዚያ ሥራ መልቀቅ ሆነ። «ሥራ ለቀቀ» የምንለው ራሱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ንብረት መመለሱን አረጋግጦ «መልቀቂያ» ይሰጠዋል።

«ኤግዚት» በላቲን «ይወጣል» ማለት ነው። ተዋናዩ መድረኩን የሚለቅበትን ቦታ ለማመልከት በተውኔት ጽሑፍ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ በየበሩ ላይ ተለጥፏል። የግሪኩ «ኤክሶዱስ» ማለት መውጫ መንገድ ሲሆን እኛ መጽሐፉን ኦሪት ዘጸአት እንለዋለን። ጸአት የመጣው «ወጽአ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ ያ ግስ አማርኛ ሲሆን «ወጣ» ሆነ። የግዕዝ «ጸ» በአማርኛ «ጠ» መሆኑ የተለመደ ነው፤ «ጸብሐ» ጠባ ሆኗል፣ አያቶቻችንም ፀሐይን «ጠሐይ» ይሏት ነበር። ስለዚህ ከቤት የወጣ ልጅና ከግብፅ የወጣው ሕዝብ በአንድ ግስ ነው የወጡት።

ከተመሳሳዮቹ ሁሉ ይበልጥ የያዘኝ «ዴዘርት» ነው። በእንግሊዝኛ ወታደር ከጦሩ ሲጠፋ «ዴዘርት» አደረገ ይባላል። ምድረ በዳም «ዴዘርት» ነው፤ አጠራራቸው ትንሽ ይለያል እንጂ ጽሕፈታቸው አንድ ነው። ሁለቱም የመጡት በላቲን መጋጠምን መፍታት፣ ከሰልፍ መነጠል ከሚል ቃል ነው። ወታደሩ ከሰልፉ የተነጠለ ሰው ነው፤ በረሃው ሰው የተለየው መሬት። ይህን ለተማሪ ማስረዳት ከባድ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን ከጓሳ አካባቢ የመጣች ልጅ «እንደ ጠፍ መሬት ነዋ!» እስክትለኝ ድረስ። እውነቷን ነው። ወታደር ጠፋ እንላለን። አራሽ ያጣ መሬት ጠፍ መሬት ነው፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ከብትም ጠፍ ከብት ነው። ሰውየው ጠፋ፤ መሬቱም ጠፍ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዴዘርት»ን የማስተምረው በእሷ ምሳሌ ነው።

በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል የማይገኝ የኛ መሄድም አለ። «ኮበለለ» ያለን ሰው ልጁ ሳይናገር፣ ቤተሰብ ሳያውቅ መሄዱን ነገረን። «ሸፈተ» ያለን፣ ሕግና አለቃ ትቶ ጫካ መግባቱን። «መነነ» ያለን ደግሞ ዓለምን ንቆ ገዳም መግባቱን ነገረን፤ የግዕዙ «መነነ» ናቀ፣ ተወ ማለት ነውና። ሦስቱም ሄደዋል፤ የቀረው ነገር ግን ለአንዱ ቤተሰብ ነው፣ ለአንዱ ሕግ፣ ለአንዱ ዓለም።

ሁለቱን ቋንቋዎች በመዝገበ ቃላት ካገናኙት ሰዎች አንዱ በዚሁ በሸዋ ምድር የቆየ መሆኑን ማስታወስ ደስ ይለኛል። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ አይዘንበርግ ከባልደረባው ክራፕፍ ጋር እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት አይዘንበርግ ሄደ፣ ክራፕፍ ቀረ። የሄደው አይዘንበርግ ያዘጋጀው የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1841 ለንደን ውስጥ ታተመ።

እንግሊዝኛ መሄድን ከመቅረት መሥራቱን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። ያመኑት «ተሰናበተ»ን ስንፈታ ነው። ሥሩ «ሰነበተ» ነው፤ እርሱም ከሰንበት የመጣ፣ ሰንበትን አልፎ ቆየ ማለት ነው። ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው አውቶቡስ ሊነሣ ሲል ቆማችሁ ስሙ። ረዳቱ በሩን ይዞ ይጣራል፤ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አድርገው በመስኮት አንገታቸውን ያወጣሉ፤ የሚሄዱት እሳቸው ናቸው፣ የሚሉት ግን «ደህና ሰንብቱ» ነው። ቆዩ ማለታቸው ነው። ውጭ የቆሙት «በደህና ይግቡ» ይሏቸዋል። ሁለቱ ወገን ይህን ተባባሉ፤ ተሰናበቱ። «ይቅር» የምንለውም የ«ቀረ» ልጅ ነው። አባታችን ሆይ በግዕዙ «ኅድግ ለነ» ሲል «ተውልን» ነው፣ በአማርኛው «ይቅር በለን» ሲል በደላችን ይቅር፣ አብሮን አይሂድ ነው።

በሚቀጥለው ቀን የመንዙ ልጅ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ «አባቴ ቤት አስቀረልኝ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ደግሞ «አወረሰኝ» ጨመረ። ሁለቱንም ትክክል አልኩት። ከኋላ አንዷ «ታዲያ ሊቭ ሚ አሎን ሲሉስ?» ብላ ጠየቀች። እሱ ቀላል ነው፣ ተወኝ ማለት ነው አልኳት። እዚያ ውስጥ ማንም የሄደ የለም፤ ሰውየው የጠየቀው ብቻውን ባለበት እንዲቀር ነው። ሺህ ዓመት ያለፈው «ላቫን» ነው።